በግቫት ጺዮን የገደብኩት ውሃ

ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን የሚታጠብ ሰው ግድብ ትዝ አይለውም። ትዝ የሚለው ውሃው የጠፋ ዕለት ነው፤ ያን ዕለትም የሚያስታውሰው ሊረግመው ነው። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትቆጡ፣ እኔም ነኝ። እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዝናቡ ከሰማይ ይወርዳል፣ በየመንገዱ ጎርፎ ባሕር ይገባል፤ ከዚያ ባሕሩን በሞተር ስበን፣ ጨውን አጥበን እንጠጣዋለን። መጀመሪያውኑ ጨው አልነበረውም። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም።

ግድብ አውቃለኋ። ፊደል ባልቆጥርም ጭቃ አውቃለሁ። ጎንደር ከተማን የሚያጠጣው ግድብ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ዋልካ አፈር ይደፋልናል፣ ውሃ አርከፍክፈን እንደቀድቃለን፤ እንደገና ይደፋል፣ እንደገና እንደቀድቃለን። ሐይቁ ሲሞላ ግን አላየሁም። ሥራው ሳያልቅ ወደ አዲስ አበባ ወረድን፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደዚህ።

ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ እኛ ሽማግሎች አትክልት የምንኮተኩትበት መሬት አለን። የእኔ መደብ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ከጎኑ ዝቅ ብሎ የእትዬ ስንዱ ጎመን። ይህን ጎመን እንደ ገበያ ጎመን እንዳታዩት። ዘሩን ከጎንደር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው፤ በየዓመቱ ትዘራለች፣ በየዓመቱ ዘር ትለቅማለች። ዘንድሮ የነበራትን ሁሉ ዘርታው ቤቷ አንድ ፍሬ አልቀረም።

የመኪና ማቆሚያው ጎርፍ በአጠገባችን ሲያልፍ ሦስት ክረምት አየሁ። በአራተኛው ዶማ አነሣሁ። ማንንም አላማከርኩም። ከሁለታችን መደብ በላይ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ከታቹ በኩል ጭቃ እየደፋሁ፣ እየደቀደቅሁ፣ ወገብ የሚደርስ ክትር አቆምኩ።

የአትክልት ቦታው አስተባባሪ ኦስናት መጣች። የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት፤ አማርኛው ሲያጥራት ዕብራይስጥ ትቀጥልበታለች።

«አባባ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ግድብ።»

«ግቫት ጺዮን ውስጥ?»

«ጎንደርም መጀመሪያ አልነበረም።»

ሳቀች። «በሴዴር፣ እሺ። ግን አንድ ሰው ካማረረ ይደፈናል።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ጉድጓዱ ሞላ። ጠብ የሚል የለም፤ ጭቃዬ ያዘ። ኮራሁ። ዝምተኛ ሰው ሲኮራ እግዜር ይጠብቀው። እትዬ ስንዱ ራሷ ላይ ፌስታል ደፍታ ከጎመኗ መካከል አንጋጠጠች።

«ጋሼ ታከለ!»

«አቤት።»

«ደግ፣ ሞላልህ። ሞልቶ ሲያበቃ በየት ነው የሚሄደው?»

እናንተ ብትሆኑ ይህን አስቀድማችሁ ትጠይቁ ነበር። እኔ ግን ጎንደር የነበርኩት ጭቃው ላይ ነው። የትርፍ ውሃው መፍሰሻ የተቆፈረው እኔ ከሄድኩ በኋላ ይሆናል፤ የነገረኝም የለም። ግድብ ማለት ማገድ ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ስንቱ አባወራ፣ ስንቱ ሹም እንዲሁ መስሎት ይኖራል!

ውሃው ከክትሩ አፍ ሊደርስ አንድ ጣት ቀርቶታል። በላዩ ካለፈ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል፤ የሚያርፈው ጎመኑ ላይ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኼኛው አላሳሳቀም።

«ዘሬን አስበላኸው!» ብላ ጮኸች።

በጎን መቀደድ አለበት። በግራ የሕንፃው ግድግዳ ነው። በቀኝ የእኔ ነጭ ሽንኩርት። ዶማዬን አነሣሁና ሽንኩርቱን መሐል ለመሐል ተረተርኩት። እትዬ ስንዱ አካፋ ይዛ ደረሰች። «አንተ ደረቅ! በዚህ ዝናብ እንኳ የማትርስ!» ትለኛለች፤ እየተሳደበች አፈሩን ታወጣለች። ውሃው መውጫ ሲያገኝ አጉረመረመና ወደ ጎዳናው ዞረ። ሽንኩርቴን እየነቀለ ወደ ባሕሩ ይዞት ሄደ። ከጎመኑ ግን አንድ ቅጠል አልታጠፈም።

በማግስቱ ኦስናት መጥታ ጭቃውን አየች፣ የተተረተረውን መደቤን አየች።

«እማማ፣ ቅሬታ አለዎት?»

እትዬ ስንዱ ከጎመኗ ቀና ሳትል፣ «እኔ ምን ጎደለኝ? የጎደለበትን ጠይቂው» አለቻት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ እናስደፍነው?»

«ድንጋይ አስመጪልኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«ለመፍሰሻው።»