የሙሜ አፈር

ወላሂ ብዬ ብምልልህም አታምነኝም፤ ጎረቤቴ ሙሜ "አፈሬን ይመልስልኝ" ብሎ ሽማግሌ ፊት ከሰሰኝ። ፍየል አይደለም፣ ግመል አይደለም። አፈር!

እዚህ ጀልዴሳ ዝናብ እንደ እንግዳ አይመጣም፤ እንደ ዘራፊ ነው። ስለዚህ መንደሩ ተመካክሮ ተዳፋቱ ላይ ሁሉ በደቦ የድንጋይ እርከን ሊሠራ ተስማማ። ተራው ሙሜ ማሳ ላይ ሲደርስ፣ "አቦ ተዉኝ! ድንጋይ ማሳዬን ያጠብብኛል። ድንጋይ ዘርቶ የበላ አይታችኋል?" አለ። ተውነው። የሱ ማሳ ከላይ፣ የኔ ከታች መሆኑን ብቻ ልብ በልልኝ።

ዘነበ። ጎርፉ የሙሜን ማሳ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ አመጣና እርከኔ ላይ አራግፎት ሄደ። ምን ላድርግ? የመጣን እንግዳ አይመልሱም፤ ዘራሁበት። ማሽላው ግመል ገብታበት ሦስት ቀን ፈለግናት። አራት ነበር፤ ያጋንናል እንዳትለኝ አንዱን ቀነስኩ። ሙሜ ጋ ግን ዓለት ብቻ ቀረ፤ እንሽላሊቷ እንኳ ተሰደደች።

አዝመራዬን ሰብስቤ ሳልጨርስ ተከሰስኩ። ያ አፈር ከሄደ ደግሞ የልጆቼ የከርሞ ቀለብ አብሮ መሄዱ ነው። ትልቁ ሽማግሌ ሸህ ዑመር፣ "አንተ ሙሜ፣ አፈር ሁሉ አፈር ነው፤ ያንተ መሆኑን በምን አወቅህ?" አሉት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዶማውን አንስቶ እርከኔ ስር ቆፈረና የግራ እግር ሸበጡን አወጣ! ጎርፍ የወሰደበት፣ ከመጋላ ገበያ የገዛው። ቀኙን ተጫምቶታል። ሽማግሌዎቹ ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ። መንታ ናቸው።

"አፈሩ የሙሜ ነው። በአህያው ጭኖ ይውሰድ" ተብሎ ተፈረደ። "ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ" ያለው ሰው በቅሎ አልነበረውም ማለት ነው።

ሙሜ ሳምንት ሙሉ በጆንያ አመላለሰ። እኔ ባዶ እርከኔ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። የመጨረሻውን ጆንያ አራግፎ ላቡን ሲጠርግ ሰማዩ ጠቆረ። ወረደ በለኝ! ካባራ በኋላ አፈሩ ሁሉ እርከኔ ላይ ተኝቷል፤ በዚህኛው ዙር ሁለቱንም ሸበጥ ይዞ።

ሙሜ በባዶ እግሩ፣ ጆንያውን አንግቶ፣ አህያውን እየነዳ ሲወርድ ሚስቱ ሐሊማ ከላይ ሆና ጮኸች፦

"አንተ ሰውዬ፣ ተመለስ! ያኔስ ጎርፍ ወሰደው አልን። አሁን ግን አፈሩ ራሱ ነው ጥሎህ የሄደው!"