የመሪጌታ ሁለተኛ ዓይን

በእኛ አገር ውሃ ጥሩ ስም የለውም። የከሸፈ ነገር «ውሃ በላው» ይባላል፤ ደካማ ምክንያትም «ውሃ አያነሣም» ተብሎ ይናቃል። ታዲያ በውሃ ሥዕል ልሥራ ብሎ የሚነሣን ሰው ምን ትሉታላችሁ? የቢቸና ሰዎች እኔን ምንም አላሉኝም። ስላልነገርኋቸው ነው።

ሙያዬ የቤት ፕላን መሥራት ነው። ከማስመሪያ ጋር ተስማምቼ እኖራለሁ፤ ያሰመርሁት መስመር ካስቀመጥሁት ቦታ አይነቃነቅም። ውሃ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ከባሕር ዳር ያስመጣኋትን የውሃ ቀለም ሳጥን የከፈትሁ ዕለት ሰማይ ልቀባ ጀምሬ፣ ሰማዩ ወርዶ የሣልሁትን ቤት እስከ ጣራው አሰጠመው። ውሃ ብቀንስ፣ ብሩሽ ባቀጥን፣ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ጋር ብለጥፍ፣ ቀለሙ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ከሳጥኗ ጋር የመጣው መመሪያ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው፦ ነጭ የፈለገ፣ ወረቀቱን ሳይቀባ ይተው ይላል። እንደ እኔ ላለ ተጠራጣሪ ይህ ፈተና ነው። ብሩሽ ሳላነሣ የት እንደማልነካ ማወቅ አለብኝ።

ይህን ሁሉ መከራ ያየሁት በየሻለም ምክንያት ነው። የሻለም የሞጣ ልጅ ናት፤ ልንጋባ ተስማምተናል፤ የቀሩን አባቷ ብቻ ናቸው። «ብቻ» የምትለዋን ቃል እንዳታምኗት። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አንድ ቃል ብትሰጧቸው ሁለት አድርገው ይመልሱላችኋል። እንግዲህ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ልባቸውን ላለሳልስ ብዬ መልካቸውን ልሥል ቆረጥሁ። ብዙ ወረቀት ውሃ ከበላው በኋላ አንዱ ተሳካ። አፍንጫው፣ ጢሙ፣ ሳልቀባ የተውሁት ነጭ ጥምጣም፣ ቁርጥ እሳቸው! በሚኒባስ ጉልበቴ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌው ሞጣ ገባሁ።

መሪጌታ ወረቀቱን አራቁት፤ አቀረቡት።

«ይኸ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?»

የሻለም በጓዳ ሳቋን ስታፍን ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰይጣንና ጭፍራው ነው። የወደፊት አማቴን ከነጥምጣማቸው ሲኦል ከትቻቸው መጥቻለሁ።

«ምን በደልሁህ፣ አንተ ልጅ? ልጄን ሳትወስድ እኔን ከሰይጣን ጋር ሰደድኸኝ?»

ምክንያት ፈለግሁ፤ ውሃ የሚያነሣ አልነበረም። ስለዚህ እውነቱን ተናገርሁ።

«የኔታ፣ ፊት ለፊት አይቼዎት አላውቅም። እፈራለሁ። ከአጠገብዎ ስቀመጥ በስርቆሽ የማየው ጎንዎን ነው።»

 መሪጌታ በሥዕሉ ላይ ያለውን ጥምጣም በጣታቸው ነኩ።

«ይኸንስ? ቀለም አለቀብህ?»

«ነጭ ቀለም የለም፣ የኔታ። ነጩ ያልተነካው ወረቀት ነው።»

«ያልተነካው!» ፊታቸው ፈካ። «እንግዲያስ የቀባኸው ሰሙን ነው፤ ወርቁ የተውኸው ነዋ!» በርጩማቸውን ጎትተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «በል ቀለምህን አውጣና እየኝ። ልጄን የሚወስድ ሰው ዓይኔን ደፍሮ ይየው።»

ከቦርሳዬ ሳጥኗንና አዲስ ወረቀት አወጣሁ፤ አየኋቸው። ዓይናቸው እንደ ፈራሁት አልነበረም፤ ደክሞትም የሚስቅ ዓይን ነበር። የቀኙ ተሳካ። የግራውን ልጨርስ ስል ከብሩሹ አንዲት ጠብታ አመለጠች፤ ከዓይናቸው ሥር ተነሥታ ጉንጫቸውን ይዛ ጢማቸው ውስጥ ገባች። ውሃ አንዴ ከሄደ ማን ይመልሰዋል?

መሪጌታ ሥዕሉን ተቀበሉኝ።

«አለቅሳለሁ እንዴ?»

«ውሃው ነው፣ የኔታ።»

«ውሃውማ ያውቃል» አሉና ወደ ጓዳው ዞሩ። የጓዳው ሳቅ ቆሟል። «ሳቋ ከቤቴ ሊወጣ አይደል?» አሉኝ። «ሽማግሌዎችህን ላክ።»

ያ ሥዕል ዛሬም ሞጣ፣ ከእንግዳ መቀመጫው በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ሥያለሁ፤ እንቀይረው ብላቸው አይሰሙኝም። የገባ ሁሉ «የኔታ፣ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» ሲላቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ።

«አማቼ ነው ያስለቀሰኝ።»

ሰሙን ብቻ የሰማው እንግዳ ፊቱን ሳያዞር፣ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ይገላምጠኛል።