ቢጫ ቀስት የሌለበት ደጅ

ችግርን የሚያሞግስ ሰው ስታገኙ አንድ ነገር አስተውሉልኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ነው። ዝናብ እየወረደበት፣ ጫማው ጭቃ እየጠጣ፣ ቆሞ «ፈተና የሌለበት ኑሮ ምን ይጣፍጣል!» የሚል ሰው እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። እኔ ራሴ ለዓመታት ችግርን ሳሞግስ የኖርኩት ሆሳዕና በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ትራስ ተደግፌ፣ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከፊዚክስ ቀጥሎ የምወደው የቪዲዮ ጌም ነው፤ ያውም ኳሱን ወይም የመኪና ውድድሩን ሳይሆን፣ አንድ ሌላ ሰው ሆናችሁ በማታውቁት አገር የምትንከራተቱበትን። ስም ትመርጣላችሁ፣ ሙያ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ መንደር ለመንደር እየዞራችሁ ሰው ታናግራላችሁ፣ ጭራቅ ትገጥማላችሁ፣ አንዳንዴም ትሞታላችሁ። እኔ የጀመርኩት የድሮው እትም ካርታ እንኳ አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ «ወንዙን ተሻገርና ከትልቁ ዛፍ በግራ ታጠፍ፤ ዋሻው እዚያው ነው» ይላችኋል። የትኛው ወንዝ? የትኛው ዛፍ? ሌሞ ገጠር ገብታችሁ መንገድ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል፤ «ይቺው ናት» የተባለችው ቦታ ግማሽ ቀን ታስኬዳለች። ያንን ዋሻ ሁለት ሳምንት ፈለግኩት። በተማሪ ደብተር ላይ ካርታ ሣልኩለት። አግኝቼው አፉ ላይ ስቆም ከውስጥ የሆነ ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልገባሁም። ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ። ግን እንዴት ያለ ፍርሃት ነበር መሰላችሁ!

ከዚያ አዲሱ እትም መጣ። ምን ቢጨምሩበት ጥሩ ነው? ቢጫ ቀስት። መሄድ ያለባችሁ ቦታ ላይ ቀስቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃችኋል። ሰው ስታናግሩ ደግሞ ከአራቱ መልሶች ሰውየውን ደስ የሚያሰኘው በአረንጓዴ ተጽፎ ይቀርባል። ይህም አልበቃ ብሎ «ቀላል» የሚባል ምርጫ አለው፤ እሱን ከመረጣችሁ ጭራቁ ገና ሲያያችሁ ለመሞት ዝግጁ ነው። ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው? በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳምንቱን ሙሉ ሰበክኩ። ማቅለል ማለት ምስጢርን መግደል ነው፤ ሰው የማይጠፋበት አገር አገር አይባልም፤ ላብ ያላስወጣ ድል ድል አይደለም፤ ሌላም ብዙ ብያለሁ። አንድ የሒሳብ መምህር ራሱን እየነቀነቀ በትዕግሥት አዳምጦኝ ሲያበቃ «ልክ ነህ፣ አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ በጣም ቀሏል» አለኝ።

የተቃወመችኝ አማረች ብቻ ናት። አማረች የዶዮገና ልጅ ናት፤ እዚሁ ሆሳዕና ነርስ ሆና ትሠራለች፤ በዓለም ላይ ላገባት የምፈልጋት ሴትም እሷ ናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካፌ ስንቀመጥ ላፕቶፔን ትቀማኝና ያለ ምንም ሐፍረት «ቀላል» የሚለውን መርጣ ትጫወታለች። «ሳምንቱን ሙሉ በሽተኛ ሳገላብጥ እውላለሁ፣ የማንም ራስ ላይ የት እንደሚያመው የሚያሳይ ቀስት የለም፣ እዚህ ጌሙ ላይ ቢኖር ምን አለበት፣ እኔ የምፈልገው ታሪኩን ነው» ትለኛለች። እኔ ታዲያ አንድ እሁድ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ለታሪክ የሚቀመጥ ንግግር እንደሚያደርግ ሰው «አማረች፣ ሰው ያልፈራለትን ነገር አገኘሁ ማለት አይችልም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለችና ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ በንግግሬ ማማር ተይዤ ሳላስተውል ቀረሁ።

ጊዜው ደረሰና ሽማግሌ መላክ ሆነ። የአማረች አባት ጋሽ ላምቦሬ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው፤ ለዓይን ሕክምና ሆሳዕና መጥተው አማረች አስተዋወቀችኝ። ጨበጡኝ። ጫማዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ተመልሰው ጫማዬን አዩ። ከዚያ «እህ» አሉና ሄዱ። እስኪ «እህ» ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን አንዲት ቃል ስመረምር ምግብ አልበላልኝ አለ።

ደግነቱ ዘንድሮ ሽምግልናም ቀሏል። ድሮ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ፣ ተመለስ ተብሎ፣ ደግሞ መጥቶ፣ ደግሞ ተመልሶ ነበር። አሁን ሁሉ ነገር በስልክ አልቆ ሽማግሌዎቹ ለወጉ ያህል ብቅ ይላሉ። ዱራሜ ላይ የተደረገው የጓደኛዬ ሽምግልና ሻይ እስኪፈላ አልቋል። ሽማግሌዎቼን የሚመሩት አጎቴ ጋሽ ኤርሲዶ ይህን ነገር አይወዱትም፤ ወጉ ተበላሸ፣ ልጅ እንደ ሸቀጥ በስልክ ይታዘዛል ወይ እያሉ ያዝናሉ። እኔ ግን በጣም ወደድኩት። ጌም ሲቀል ያበደ ሰው ሽምግልና ሲቀል እንዴት ደስ አለው ትሉኝ ይሆናል። ጌም ሌላ፣ ኑሮ ሌላ! ይህን ያህል እንኳ መለየት ያቅተኛል?

ስለዚህ አማረችን «አባትሽን ቀደም ብለሽ አናግሪያቸው፣ ምን እንደሚወዱም ንገሪኝ» ብዬ ለመንኳት። «እሱማ ፍንጭ ይባላል፤ ምስጢሩን ይገድለዋል» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እየቀለደች መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር በሚኒባስ ዶዮገና ገባን። ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ የእንሰቱ ቅጠል እንኳ በደንብ አይታይም። ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሽ ላምቦሬ ቤት ሲያቀኑ እኔ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ቀረሁ፤ ላኪው አብሮ አይገባማ። የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘነበች አንድ ጊዜ አየችኝና ሽማግሌ ልከህ ነው አይደል አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት፣ ስኳር ሳያደርግ ሻይ የሚያማስል ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል አለች። ለካ የመንደሩን ልጅ ለትዳር የሚጠይቅ ሁሉ የሚጠብቀው እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አዝናልኝ መሰለኝ ምልክቱንም ነገረችኝ። ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። እሺ የተባለ ሽማግሌ በልቶ ስለሚመጣ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ያልተባለ ግን ርቦት ፈጥኖ ይመጣል አለችኝ።

ይኸው ቢጫ ቀስት ተሰጠኝ! ፍንጭ ፍርሃትን ያጠፋል ብዬ ያስተማርኩት እኔ፣ ፍንጩ ከተሰጠኝ በኋላ የባሰ ፈራሁ። ዓይኔን ጉሙ ላይ ተክዬ የእግር ፍጥነት ስለካ ቆየሁ፤ ለዚህ ነው ለካ ፊዚክስ የተማርኩት። ከጉሙ ውስጥ ሦስት ጋቢ ብቅ አለ። እየሮጡ ነበር ማለት ይቻላል።

ጋሽ ላምቦሬ «ሰምተናል፤ እናስብበት፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብለዋቸዋል። አጎቴ ፊታቸው በርቷል። እንዲህ ያለ ወግ አዋቂ ሰው ዛሬም አለ እያሉ መንገዱን ሙሉ አመሰገኗቸው። እኔ ግን የማስበው ያንን ዋሻ ነበር። ጌም ውስጥ ከአስፈሪ ቦታ በፊት የደረሳችሁበትን መዝግባችሁ ትገባላችሁ፤ ብትሞቱ ከዚያው ትነሣላችሁ። ዋሻውንም ቢሆን ላፕቶፑን ዘግቼ ሸሽቼዋለሁ። የጋሽ ላምቦሬ ደጅ ግን የሚዘጋው ከውስጥ ነው። «አይሆንም» ቢሉስ? አማረች የአባቷን ቃል የምትጥስ ልጅ አይደለችም። እሷን ካጣሁ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ የባሰ ነው። ሽማግሌዎቹ አሁንም ፈጥነው መጡ። አጎቴ እንደነገሩኝ ጋሽ ላምቦሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ልጃችሁ ደኅና እንቅልፍ ይተኛል ወይ አሉ። አጎቴ ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት ደረታቸውን ነፍተው «እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው!» ብለው መለሱ። ጋሽ ላምቦሬም «እንግዲያው በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

ስለ እንቅልፍ ምን አስጠየቃቸው? በሽታ አለበት ብለው ነው? ያንኮራፋል ተብሎ ተወርቶብኝ ነው? መልሱ ልክ ነበር ወይስ ስሕተት? ይህችን ጥያቄ ከሁሉም በኩል አገላብጬ አየኋት፤ አንድም አረንጓዴ አልነበረባትም። አማረችን ጠየቅኳት፤ «ፍንጭ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ተለየ። ሱሪዬ ሰፋኝ። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ የስበት ሕግን ሳስረዳ መሬት ወደ ላይ ትስባለች አልኩ፤ እነሱም ጻፉ። ላፕቶፔን የከፈትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ሦስተኛው ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ስታየኝ ስኳሩን ራሷ ጨመረችልኝ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ ሦስቱ ጋቢዎች ታዩኝ። ቀስ ብለው ነው የሚመጡት! በደስታ ልዘል ስል አጎቴ ሲያነክሱ አየሁ። ደነገጥኩ። ቀስ ያሉት በልተው ነው ወይስ ጉልበታቸውን አሟቸው? እንዲህ ያለ ክፉ ቀስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪደርሱ ድረስ ያለው መንገድ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን ሙሉ ዕድሜዬን እዚያ ላይ የጨረስኩ መሰለኝ። ጋሽ ኤርሲዶ አጠገቤ ደረሱ። ጢማቸው ላይ ቅቤ ነበረ።

ተፈቅዷል! እትዬ ዘነበች እልል አለች። እኔ አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ምስጢሩን የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጋሽ ላምቦሬ እንደ ባለፈው እንቅልፉስ ብለው ጠይቀዋል። አጎቴ በዚህ ጊዜ መዋሸት አቅቷቸው አይተኛም፣ አይበላም፣ ከስቶ ሊሞት ነው አሉ። ሰውየው ሳቁ፤ ወንበር አስመጡ፤ ማዕድ አስቀረቡ። እየበሉ ሳሉም ነገሩን ገለጡት። ለካ «እሺ» የሚለው መልስ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት አልቆ ተቀምጧል። አማረች ናት «አባዬ፣ ቶሎ እሺ እንዳትለው፤ ልጁ ቀላል ነገር አይወድም። ሰው ያልፈራለትን ነገር አገኘሁ ማለት አይችልም ብሎኛል» ያለቻቸው።

ወዲያው ደወልኩላት። ፈራህ ወይ አለችኝ። በጣም ፈራሁ አልኳት። ድምፅዋ ለስለስ ብሎ፣ እንግዲያው አገኘኸኝ አለችኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ቀጥላም ሠርጉንስ በከባዱ እናድርገው ወይስ በቀላሉ ብላ ጠየቀችኝ።

«በቀላሉ!» ብዬ ጮህኩ። የሚኒባሱ ተሳፋሪ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ስልኩን ዘግቼ አጎቴን በፍርሃት አየኋቸው፤ የወግ ጠበቃው እሳቸው ናቸው፣ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ ግን ጉልበታቸውን ማሸት አላቆሙም። «ጎሽ» አሉኝ። «ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንተ ሻይ ቤት ተቀምጠህ ፈራህ፤ ደጅ የቆምኩት እኔ ነኝ።»