ሽፋኑ የተዘቀዘቀው መጽሐፌ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የአዘዞ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ስቆብኛል! ሾፌሩ ሳይቀር!

ምን አድርጌ? መጽሐፍ ሳነብ። ሌላ ምንም!

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ነገሩ የደርግ ጊዜ ጣጣ ነው።

ያኔ ቁስቋም መሠረተ ትምህርት ተከፈተና ገባሁ። ተማሪ ቤት ደጁንም ረግጬ አላውቅም ነበር። በእኛ ቤት መጽሐፍ ማለት የቄሱ ነው፤ እኛ መሳለም ብቻ!

ለክፍሉ የደረሰን አንድ መጽሐፍ ነው። በርጩማ ላይ ይዘረጋል፣ እኛ ዙሪያውን እንከበዋለን።

የእኔ እግር ደግሞ አንድ ቦታ አያርፍም። ቅመም ይዤ መካነ ብርሃን ድረስ እዞራለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ አርፍጄ ነው የምደርሰው። ፊደሉ ቀጥ ብሎ በሚታይበት በኩል ጎረቤቴ አያ ታደሰ ቀድመው ተደላድለዋል። ለእኔ የምትቀረኝ ከመጽሐፉ ራስጌ ያለችው ቦታ ናት።

«አያ ታደሰ፣ እስኪ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» እላቸዋለሁ።

«ምነው! ያ ሁሉ የመካነ ብርሃን ሜዳ አልበቃሽም?» ይሉኛል።

ተማርኩ እንጂ! ሀ ሁ እግሯን ሰማይ ሰቅላ!

ፈተናውን ላለፈ መጽሐፍ ይሰጣል ተባለ። የራስ መጽሐፍ! በየመንገዱ ይዤው የምዞር፣ ማንም ቦታ የማይሻማኝ! እንቅልፍ አጣሁ።

ፈታኙ ዘማች ተማሪ ነው። መጽሐፉን ሲሰጠኝ ገልበጥ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ!

«አያያዙን እንኳ አያውቁትም! በቃል ሸምድደው ነው። ቀጣይ!» አለ ፈታኙ።

ቀጣይ?! መጽሐፌ እጄ ሳይገባ ሊቀር!

ያን ጊዜ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? አያ ታደሰ!

«ስማ ልጄ፣ ያላየችውን ስጣትና እንስማት። ሸጋውን ቦታ ይዤባት ነው እንጂ ሴትዮዋስ ታነባለች» አሉ።

ፈታኙ ከኪሱ ጋዜጣ አወጣ። እሱንም ገለበጥኩታ!

ለካ የፊት ገጹ ላይ የአንድ ትልቅ ሹም ፎቶ አለ። ሰውየው በአናታቸው ቆሙ!

ሳቁ ቀጥ አለ። በደርግ ጊዜ! ሹም ተዘቅዝቆ! ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ፈታኙን ላብ አጠመቀው። ጋዜጣውን ነጠቀኝና ጠረጴዛው ላይ ወደ ራሱ አቅንቶ ዘረጋው። እኔ የቆምኩት ከጠረጴዛው ማዶ ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ስለ ማዳበሪያ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አንበለበልኩለት!

«አልፈዋል» አለ በቀስታ። «ግን እባክዎ እትዬ፣ ሁለተኛ ጋዜጣ እንዳይነኩ!»

መጽሐፍ ሲታደል የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። የቀረውም አንድ፣ ማተሚያ ቤት ሽፋኑን ዘቅዝቆ የለጠፈበት፣ ሰው ሁሉ አይቶ የተወው። ቅር አለኝ።

ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ ገልብጬ ስከፍተው ግን ሽፋኑ ቀጥ አለ! ከውጭ ለሚያየኝ የተማረች ሴት! በልኬ የተሰፋልኝ ነው የሚመስለው!

ይኸው ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። ስንት አገር ዞሬ ሳነበው የነቃብኝ የለም።

እስከ ዛሬ ጠዋት!

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ደግ ልጅ ወደ ገጹ አየት አደረገችና «ውይ እማማ፣ ተዘቅዝቆብዎታል!» ብላ አቃናችልኝ።

ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው የተቀመጡት ደግሞ የሚያዩት ሽፋኑን ነው። «እማማ፣ ዘቅዝቀውታል እኮ!» አሉ በአንድ አፍ። አንዱ እጁን ዘርግቶ መለሰው። ልጅቷ ትገለብጣለች፣ እሱ ይገለብጣል፤ መጽሐፌ እንደሚቆላ ገብስ ሲገላበጥ አዘዞ ደረስን። ሰው በሳቅ ሞተ!

አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም!

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ በስልክ ነው። እሱም ያው ነው፤ እንዲመቸኝ ገልበጥ ሳደርገው ጽሑፉ ራሱ ዞሮ ቀጥ ይልብኛል!

አያ ታደሰ፣ ነፍስዎን ይማርና፣ ምን ነበረበት ያኔ ትንሽ ጠጋ ቢሉልኝ?