«አለሁ» ባይ ማሽን

ሥራው ቆሞበት ሳለ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? እኔ እዚህ አሶሳ ከአንዱ ጋር እሠራለሁ፤ ሐሰን ይባላል። የወይዘሮ ሐዋን የማንጎ ችግኞች ውሃ የምታጠጣ ትንሽ ማሽን ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም አድርጎላቸዋል። በውስጧ ዋችዶግ የሚባል ጠባቂ ሰዓት አለ፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው፣ ስታክ አድርጓል፣ ማለትም ባለበት ተቀርቅሯል ብሎ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ሐሰን ይህን ዳግም መነሣት እንደ ውርደት ቆጠረው። ለመሆኑ ወድቆ ከመነሣት ቆሞ መድረቅ ይሻላል ያለው ማነው? «አለሁ» ማለቱን ከማጠጣቱ ሥራ ነጥሎ ለብቻው አደረገው። ስለዚህ ማጠጣቱ ሲቆምም «አለሁ» ማለቱ ቀጠለ፤ ጠባቂውም አምኖ ዝም አለ።

ከቀናት በኋላ ማሳቸው ስንደርስ ወይዘሮ ሐዋ ችግኞቹን በጀሪካን እያጠጡ ነበር።

«ማሽን አልጠፋም፤ ማንጎ ግን እየሞተ ነው» አሉን።

ሐሰን ላቡን እየጠረገ፣ ፕሮግራሙ አንድ ዙር ሥራውን ሲጨርስ ብቻ «አለሁ» እንዲል አስተካከለው። ከፊሉ ችግኝ ኋላ ተርፏል።

«አሁን ሲያቅተው ይታወቃል?» አሉት።

«ይታወቃል፣ እናቴ።»

«አንተስ ሲያቅትህ?»

ሐሰን መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም ደክሞኝ ነበርና አጠገቡ ተቀመጥኩ።