የዕረፍት ኮሚቴው ጃንጥላ

ዕረፍት በዘፈቀደ የሚከናወን ተግባር አለመሆኑን በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚገኙ የአንድ ማኅበር አባላት ዘንድሮ በጥልቀት ተገንዝበዋል። ለዚህ ታላቅ ግንዛቤ መነሻ የሆነችው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናት፤ እሷ የፈለገችው ግን ዥዋዥዌ ላይ መቀመጥ ብቻ ነበር።

ተናኘወርቅ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ትንከባከባለች። ሳሎናቸው ውስጥ የጥንት የፈረንሳይ መኳንንት በአትክልት ቦታ ሲንፈላሰሱ የሚያሳይ የታተመ ሥዕል ተሰቅሏል። እመቤቲቱ ሐር ለብሳ ዥዋዥዌ ትጫወታለች፤ ጌቶቹ ሣር ላይ ተጋድመዋል። ተናኘወርቅ ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ስትጠርግ በእመቤቲቱ ቀናች። በአምስት ወር አንዴ የምታገኘው የዕረፍት ቀን፣ ኦፏ፣ ሲቃረብ ጊዜ፣ «እኔም አንድ ቀን እንደሷ ልቀመጥ» ብላ ሥዕሉን በስልኳ አንሥታ ለማኅበሩ ግሩፕ ላከች።

ሊቀ መንበሩ አቶ ልሳነወርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ስለ ዕረፍት ለመምከር አራት ቅዳሜ ዕረፍት አጣ። በመጨረሻም «የተቀናጀና ሁሉን አቀፍ ዕረፍት» የሚል መሪ ቃል ጸደቀ፤ ፓርክ ሪዘርቭ ተደረገ፤ ዥዋዥዌ ታሰረ፤ ጃንጥላ ተገዛ።

ቀኑ ደረሰ። ተናኘወርቅ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ዥዋዥዌው ላይ ተቀመጠች። ገና አንድ እግሯን ከመሬት ስታነሣ የማኅበሩ አንጋፋ አባል አቶ አሥራት ከች አሉ።

«ኖር!» ብላ ብድግ አለች።

«በእግዜር! ኧረ በእመቤቴ፣ ቁጭ በይ!» አሉና ራሳቸው ቁጭ አሉ።

እሳቸው ሲወርዱ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እትዬ የወይንሐረግ መጡ። «ኖር!» ታላቅ ሰው በመጣ ቁጥር ሣሩ ላይ የተጋደመው ሁሉ እየተነሣ እየተጋደመ፣ የአብዛኛው ተዝናኚ ወገብ ተያዘ። አቶ ልሳነወርቅ ለክብራቸው እንደሚገባው መጨረሻ ላይ ደረሱ። ዥዋዥዌው ላይ ተደላድለው ንግግር ጀመሩ።

«ወገኖቼ! ዕረፍት የጥቂቶች የነበረበት ዘመን አክትሟል! ከእንግዲህ አንዱ ተቀምጦ ሌላው አይቆምም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ፀሐዩም መላጣቸው ላይ ወጣ።

«ተናኝዬ፣ እስቲ ያቺን ጃንጥላ ያዝ አድርጊልኝ።»

ያዘች። ንግግሩ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ክንዷ ዛለ፤ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምን ትበል? ንግግሩ ሲያልቅ የፓርኩም ሰዓት አለቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጇ ሂዊ ያነሣችውን ፎቶ ከሥዕሉ ጋር አስተያየች።

«ማም! ኦ ማይ ጋድ፣ ኤግዛክትሊ ሥዕሉን ነው የሚመስለው!»

«እውነት? እኔስ የታለሁ?»

ሂዊ የሥዕሉን ጥግ ዙም አድርጋ ለእመቤቲቱ ጃንጥላ የያዘችውን ገረድ አሳየቻት። «ሂር። ዚስ ኢዝ ዩ።»

የኮሚቴው ሪፖርት የዚያኑ ዕለት ወጣ፦ «ዕረፍቱ መቶ በመቶ ተሳክቷል። ጃንጥላ በመያዝ ጉልህ አስተዋጽኦ ያበረከቱት ወይዘሮ ተናኘወርቅ በመጪው ዓመትም በዚሁ ኃላፊነት እንዲቀጥሉ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ሰኞ ሥራ ገባች። አሮጊቷ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ተናኘወርቅ እፎይ ብላ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ስድስት ዓመት ሙሉ ልብ ብላ አይታት የማታውቃት ገረድ ከነጃንጥላዋ ቆማለች። አላስቻላትም።

«ኖር፣ እኅቴ!» ብላ ተነሣች።

«በእግዜር፣ ተቀመጪ» የሚላት ስላልነበረ፣ አሮጊቷ እስኪነቁ ድረስ ሁለቱም እንደቆሙ ቆዩ።