ሁለቱም ክዳኖች እኩል ይዙሩ የተባለበት ቅዳሜ

የባለ ሦስት መግቢያው ሕንጻ የነዋሪዎች ኮሚቴ በወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በምድር ቤቱ አዳራሽ ተቀመጠ። አዳራሽ የምንለው ከውሃ መግፊያው ሞተር ጋር የምንጋራውን ክፍል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ተናጋሪው አይሰማም፤ ሲቆም ደግሞ ሁሉም ባንድ ላይ ይናገራል።

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፦ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ፣ የጸሐፊዋ አባት
የመግቢያ አንድ ተወካይ፦ የጥርስ ሐኪሙ
የመግቢያ ሁለት ተወካይ፦ እትዬ ልብስ ሰፊዋ
የመግቢያ ሦስት ተወካይ፦ የሒሳብ መምህሩ
በጥሪ የተገኙ፦ በያጁ፣ የመብራቱ ሠሪ (የጸሐፊዋ እጮኛ ቢሆኑም በቃለ ጉባኤ «እሳቸው» ናቸው)
ጸሐፊ፦ እኔ፣ ድምፅ የሌለኝ

አዲሱ መብራት ጠረጴዛው ላይ ተጎልቶ ስለነበር ሐኪሙ ከጀርባው አልታዩም። ሰብሳቢው ካሉ እንዲያስሉ ጠየቁ። ሐኪሙ ስላሳሉ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋገጠ።

አጀንዳ 1፦ የደረጃውን መብራት ስለ መረከብ

ሰብሳቢው ያለፈውን ውሳኔ አስታወሱ። የድሮው መብራት ሹል ስለነበረና የሐኪሙን ግንባር ደጋግሞ ስላገኘ፣ አዲሱ የትም ቦታ ያልሾለና ያልጎደጎደ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ማንም መግቢያ በለጠብኝ እንዳይል ደግሞ ጎኖቹ በሙሉ እኩል እንዲሆኑ ተብሏል። በያጁም በካሬና በሦስት ማዕዘን ብቻ ሠርተውታል፦ ዙሪያውን ስምንት ካሬ የያዘ ወገብ፣ ከላይ አንድ ክዳን፣ ከታች አንድ ክዳን፤ ክዳኖቹ ከወገቡ ጋር በብሎን የሚታሰሩ። በስምምነቱ መሠረት ካሬ ከካሬ እየተያያዘ የሚዞርባቸው ሦስት መንገዶች ይኖሩታል። አንዱ በወገቡ ይዞራል፣ ሁለቱ በአናቱ ያልፋሉ። እያንዳንዱ መግቢያ በአንዱ መንገድ ላይ የራሱን ሪባን ያስራል።

የመግቢያ አንድ ሰማያዊ ሪባን በወገቡ ዞሮ ገጠመ። ሐኪሙ ብቻቸውን አጨበጨቡ። የመግቢያ ሁለት ቀይ ሪባን ከአናቱ ተነስቶ በካሬ ላይ ወረደ፣ ወገቡን አለፈ፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘን ላይ ደርሶ በጫፉ በኩል ሾለከ። የመግቢያ ሦስት ቢጫ ሪባንም ያንኑ አደረገ።

በያጁ መብራቱን ዞረው ካዩ በኋላ፣ ከሁለቱ ክዳኖች አንዱ ሲታሰር በአንድ የብሎን ቀዳዳ ያህል መዞሩን አመኑ። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች እኩል የተራራቁ ስለሆኑ ክዳኑ ዞሮም ይገጥማል፣ ስህተቱም አይታወቅም። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ሲጠየቁ፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ቦታቸው ድረስ የመጣች ጎብኚ እንደነበረች ገለጹ። ማን እንደሆነች ለመናገር ግን ፈቃደኛ አልሆኑም። በዚህ መሃል የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ወድቆ ስለነበር ቀጥሎ የተባለው አልተመዘገበም።

መምህሩ የመብራቱን ማዕዘኖች አንድ በአንድ በጣታቸው ፈተሹ። በየማዕዘኑ ሦስት ካሬና አንድ ሦስት ማዕዘን ይገናኛሉ፤ የትኛውም ማዕዘን ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያለው ሲደመሩ ነው ሲሉ አስረዱ። እትዬ ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ቤተሰብ እንደሚያውቁ ተናገሩ።

ሰብሳቢው የሠርጉን ቀን መብራቱን በተረከብን ዕለት እቆርጣለሁ ማለታቸውን አስታውሰው፣ «አንድ ክዳን አስተካክሎ መግጠም ያቃተው ሰው ነው ልጄን ወስዶ ቤት የሚያቆመው?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን አመለከተች። ድምፅ እንደሌላት ተነገራት።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሦስት ማዕዘኑ

ሐኪሙ፣ ሦስት ማዕዘን ማለት አንድ ጥርስ የጎደለው ካሬ ስለሆነ ነገሩ መካበድ የለበትም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለዚህ ሕንጻ አገልግሎት ብቻ ሦስት ማዕዘኑ ካሬ እየተባለ እንዲጠራ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የተቃወሙት መምህሩ ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። መነጽራቸውን መብራቱ ላይ ረስተው ስለነበር ወዲያው ተመለሱ።

ቀዩ ሪባን በውሳኔው መሠረት እንደገና ቢታሰርም እንደገና ሾለከ። ሪባኑ ውሳኔውን ባለማክበሩ ኮሚቴው ቅር መሰኘቱን ገለጸ።

አጀንዳ 3፦ የዞረው የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው

እትዬ ልብስ ሰፊዋ የዞረው የላይኛው ነው አሉ። ልብስ ላይም ቢሆን ኮሌታ ነው እንጂ ግርጌ ዞሮ አይተው አያውቁም። መምህሩ የዞረው የታችኛው ነው፣ ይህንንም ጥቁር ሰሌዳ ቢሰጣቸው ያረጋግጣሉ አሉ። እትዬ መምህሩን «አንተ ልጅ» አሏቸው። መምህሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ተይዟል።

በዚህ ጊዜ በያጁ ተነስተው አንድ ነገር ተናገሩ። ሞተሩ ተነስቶ ስለነበር አልተሰማም። ከከንፈራቸው እንዳየሁት «አንዱን ብቻ፣ የፈለጋችሁትን» ያሉ ይመስለኛል። ከንፈር ግን በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የማንንም ወገን ክብር ላለመንካት የላይኛውም የታችኛውም ክዳን እያንዳንዳቸው በአንድ ብሎን እንዲዞሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በያጁ ኮሚቴውን አዩ፣ ጸሐፊዋን አዩ፣ መፍቻቸውን አነሱ። የላይኛውን ፈትተው አዞሩና አሰሩ፤ መብራቱን ገልብጠው የታችኛውንም እንዲሁ አደረጉ።

ቀዩ ሪባን ሾለከ። ቢጫውም ሾለከ።

መምህሩ ጣሪያውን ብዙ ጊዜ ካዩ በኋላ፣ ሁለቱም እኩል ከዞሩ በመካከላቸው ያለው መዛነፍ እንደነበረ ይቀራል ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱ። እትዬ ይህን ለምን ቀድመው እንዳልተናገሩ ጠየቁ። መምህሩ የገባቸው እጃቸውን ካወረዱ በኋላ መሆኑን ገለጹ።

ሰብሳቢው ትዕግሥታቸው አለቀ። የሠርጉ ጉዳይ ላልተወሰነ ጊዜ እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሌላው ሁሉ መብራቱን ስለሚያይ ተቃዋሚ አልተገኘም፣ ተወሰነ። ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ፊደሌ እዚህ ላይ የተበላሸውም ለዚህ ነው።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሪባናቸው ከመጀመሪያው ያልተነካባቸው ሐኪሙ፣ ዛሬ የተወሰነው ቀርቶ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ቢመለስ ይሻላል አሉ። ጸሐፊዋ የውሳኔውን ቃል አርቅቃ አነበበች፦ «ዛሬ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ ተሽሯል።» ሰብሳቢው «አንዱም ሳይቀር» የሚለው ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ጸሐፊዋ አነጋገሩን እንደሚያሳምረው መለሰች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እጃቸውን ቀድመው ያነሱት ሰብሳቢው ናቸው።

በያጁ ውሳኔውን ለመፈጸም የላይኛውን ክዳን ፈትተው በአንድ ብሎን መለሱና አሰሩ። የታችኛውን ለመፍታት መብራቱን ሊገለብጡ ሲሉ ጸሐፊዋ «ቆይ እስቲ» ብላ ቀዩን ሪባን ከአናቱ ጀምራ አዞረችው። በካሬ ወረደ፣ ወገቡን አለፈ፣ በካሬ ተጠቀለለ፣ በሌላው ወገን ወጥቶ ከራሱ ጋር ተገናኘ። ቢጫውም ዞሮ ገጠመ። ሞተሩ ቆሞ ነበር፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ቀጥሎ እትዬ ልብስ ሰፊዋ፣ የተነካው የላይኛው ስለሆነ ትክክል የነበሩት እሳቸው መሆናቸው እንዲያዝላቸው ጠየቁ። መምህሩ ደግሞ የላይኛው ወደ ቦታው ስለተመለሰና እንደዞረ የቀረው የታችኛው ስለሆነ ትክክል የነበሩት እሳቸው መሆናቸው እንዲያዝላቸው ጠየቁ። የሁለቱም ተይዟል።

ሐኪሙ በውሳኔው መሠረት የታችኛውም መመለስ እንዳለበት አሳሰቡ። ጸሐፊዋ በመተዳደሪያ ደንቡ አሥር ሰዓት ሲሞላ ማንኛውም ሥራ እንደሚቆም፣ አሁንም አሥር ሰዓት መሙላቱን አስታወቀች። ሰብሳቢው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል። መብራቱን አዩ። ልጃቸውን አዩ። «አሥር ሰዓት ሆኗል» አሉ።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ተበተነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ ተሽሯል። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑ ወደ ሦስት ማዕዘንነቱ ተመልሷል። የሠርጉ መተላለፍም ቀርቷል።

ሰብሳቢው ለመፈረም ሲያነቡ እዚህ መስመር ላይ ቆሙ።

«አንዱም ሳይቀር ነው ያልሽው?»

«አዎ አባባ።»

ፈረሙ። ከፊርማቸው ሥር ደግሞ በራሳቸው እጅ የሠርጉን ቀን ጻፉበት።